ከምሰሶ እስከ ምሰሶ

ዝገቱ የሚሉት ሰው ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ደቅኖ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ከመርከቡ አፍንጫ ላይ እንከን ይፈልግ ነበር። የመጣው ለዚህ ነው። ሲገላበጥ ያደረው፣ ሸሚዙን ተኩሶ የለበሰው፣ አውቶቡስ ውስጥ ተጋፍቶ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ የደረሰው፣ አንዲት ጥፋት አግኝቶ ጣቱን ለመቀሰር ነው።

መርከቡ ከክንድ ብዙም አይረዝምም። በሁለት ጉማጅ እንጨት ተደግፎ መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። ዝገቱና ታላቅ ወንድሙ የሚያውቁት፣ ባለ ሁለት ምሰሶ የጭነት መርከብ ነው። ታላቅየው የአናጢዎች አለቃ ሆኖ ከላይ፣ ታናሽየው በገመድ ተንጠልጥሎ ዝገት እየፋቀ ከታች፣ ዕድሜያቸውን የበላው እሱ ነው። እውነተኛው ተቆራርጦ ብረቱ ከተሸጠ ቆይቷል። የቀረው ታላቅየው በእንጨት የሠራው ይኸው ምስሉ ነው።

ታላቅየው ከጠረጴዛው ማዶ አገጩን ቀና አድርጎ ተቀምጧል፤ ዓይኖቹ ክፍት ናቸው፣ ግን አያዩም። ሚስቱ የሞተች ሰሞን ነው የጠፉት። እሱም ለጠየቀው ሁሉ ዓይኔን ይዛው ሄደች ነው የሚለው፤ ሰውም ከንፈሩን ይመጣል። ዝገቱን ያስጠራው በሴት ልጁ አስደውሎ ነው። ልጅቱ ስልክ ላይ እንደነገረችው፣ ቤተሰቡም ጎረቤቱም መርከቡን እያየ ያምራል ይላል፤ አባቷ ግን ለዕውር የማያምር ነገር የለም ብሎ አላመነም። የሚጠላኝ ሰው ዓይን አምጡልኝ አለ። ያን ጊዜ ትዝ ያላቸው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከድሮው መሥሪያ ቤት መኪና ይመጣል። መርከቡ የጡረተኞቹ አዳራሽ ውስጥ በመስታወት ሣጥን ሊቀመጥ ነው። እነዚያ በአለቃነቱ ዘመን ሥራቸውን እየወረወረ «ድገመው» ሲላቸው የኖሩ አናጢዎች ሁሉ እየዞሩ ሊያዩት ነው። የሚያስቅ ነገር ካለበት፣ ታላቅየው መኪናው ሳይደርስ ሰባብሮ ምድጃ ውስጥ ሊከተው ቆርጧል። ለዝገቱም ገና ከበሩ ሲገባ ነግሮታል።

ዝገቱ ደግሞ የሚያስቅ ነገር ምን እንደሆነ ያውቃል። ወጣት ሳለ፣ ከመፋቂያው ሥራ ያወጣኛል ብሎ፣ የእረፍት ሰዓቱን ሰውቶ አንድ የጓዳ በር ሠርቶ አናጢ ክፍል ወስዶ ነበር። ወንድሙ በሩን አገላብጦ አየና፣ ያ ሁሉ ሠራተኛ ባለበት፣ እጅህ የለመደው ዝገት ነው፣ እንጨት አታስለቅስ አለው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ስሙ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝገቱ ሆነ፤ ለባለሱቁም፣ ለሰፈር ልጅም፣ ለገዛ ሚስቱም። ሰዎቹ ነገሩን ረስተውታል። የሳቀ ሰው መርሳት ይችላል። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ወንድሙን የሚያገኘው ቀብር ላይ ብቻ ነው።

«ምነው ዝም አልክ?» አለ ታላቅየው። «አንተ ለስድብ ሰንፈህ አታውቅም።»

«ቆይ እያየሁ ነው፣ ጋሼ» አለ። ጋሼ ማለቱ ሳያስበው ከአፉ አመለጠ፤ በራሱ ተናደደ።

እያየ ነበር። የመርከቡ ጎን ከወረቀት የሳሱ ጣውላዎች አንድ በአንድ ተጋጥመው የተሠራ ነው፤ የአንዱ ረድፍ መጋጠሚያ ከሌላው ረድፍ መጋጠሚያ ትይዩ አይውልም፣ ልክ እንደ እውነተኛው መርከብ ብረቶች። የመልሕቁ ሰንሰለት ከሽቦ ነው፤ እያንዳንዱ ቀለበት ተቆርጦ፣ ተከፍቶ፣ በሌላው ውስጥ አልፎ ተዘግቷል። የመሪው ክፍል በር በጥፍሩ ጫፍ ሲነካው ተከፈተ። ውስጡ ወንበር አለ። የወንበሩ መደገፊያ ላይ ካፖርት ተሰቅሏል፤ ካፖርቱ ክርኑ ላይ ሳስቷል። ይህን ማን ያይልኛል ብሎ ነው የሠራው? በሩ ሲዘጋ እኮ ምንም አይታይም።

ከዚያ ወደሚያውቀው ቦታ ወረደ፤ ከመልሕቁ ቀዳዳ በታች። እዚህ አያመልጠኝም፣ እዚህ እይዘዋለሁ አለ በልቡ። እውነተኛው መርከብ ላይ የብረቱ ዝገት በዚያ ቦታ ቀጥ ብሎ ወርዶ አያውቅም ነበር፤ ከሥሩ አንድ የተበየደ ጠባሳ ስላለ ወደ ግራ ታጥፎ፣ እንደ ተሰበረ ጣት ሆኖ ነው የሚወርደው። ይህን በዓለም ላይ ከእሱ በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስለውም። ማጉያውን አስጠጋ። ቡናማው ቀለም ከቀዳዳው ወጣ፣ ትንሽ ወረደ፣ ወደ ግራ ታጠፈ።

ዝገቱ ቀና ብሎ መስኮቱን ተመለከተ። ታላቅየው አይቶት ነበር ማለት ነው። ከላይ ቆሞ፣ ወንድሙ ተንጠልጥሎ የሚፍቀውን ቦታ እስከ ጠባሳው ድረስ ሲያይ ኖሯል። እያየ ነው አንዲት ቃል ያልተናገረው። ይህ ከስድቡ ይልቅ አንገበገበው።

በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ያለው ገመድ ከምስር ፍሬ በማይበልጡ መዘውሮች ውስጥ እያለፈ ተወጥሯል፤ ሥርዓት ያለው፣ ንጹሕ ሥራ። ግን አንድ ነገር ሌላ ሆነበት፤ ምን እንደሆነ አልያዘውም። አልፎ ከኋለኛው ምሰሶ ወዲያ ሲደርስ ደነገጠ።

የኋላው መከታ እንደ አሮጌ ጥርስ ተወላግዷል። መሰላሉ ተገልብጦ ተጣብቋል። የነፍስ አድን ጀልባዋ በጎኗ ወድቃ ሙጫ አጥለቅልቋታል። የፈለገውን አገኘ። ደስታው እስኪመጣ ትንሽ ጠበቀ፤ አልመጣም።

«የኋላው ተበላሽቷል» አለ። «ከኋለኛው ምሰሶ ወዲያ።»

ታላቅየው ራሱን ነቀነቀ። እሱን ያውቀዋል፤ ሚስቱ ከሞተች በኋላ በዳበሳ የጨረሰው ነው። በዚያ የሚስቅ ይሳቅ፣ ዕውር የሠራው መሆኑን ያውቁ የለ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አነባበረ።

«እስከዚያ ያለውን ንገረኝ። ያኔ ዓይን ነበረኝ። እስከ ኋለኛው ምሰሶ ድረስ ያለው አለቃ የሠራው ነው? እሱ ከሆነ ይሂድ።»

ዝገቱ ተመልሶ በምሰሶዎቹ መካከል ጎነበሰ። አሁን ቀስ ብሎ አየ። ከወለሉ ላይ ተስተው የተበሱ ቀዳዳዎች አሉ፤ በእንጨት ዱቄትና በሙጫ ተደፍነው ተለስነዋል። የሙጫ ጠብታ በምላጭ ተነስቶ ቦታው ብቻ ቀርቷል። ገመዶቹ ደግሞ እንደ መርከብ ገመድ አልታሰሩም። ክሩ ሦስት ጊዜ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ጫፉ ወደ ውስጥ ተደብቋል። መርከብ ላይ እንዲህ የሚያስር የለም። እንዲህ የሚታሰረው የልብስ ቁልፍ ነው።

የወንድሙ ሚስት ልብስ ሰፊ ነበረች። አንድ ቀብር ላይ የኮቱ ቁልፍ ተንጠልጥሎ አይታ፣ ሳይለምናት፣ በቆመበት መርፌ ከልብሷ አንገትጌ ነቅላ ሰፍታለታለች። እስከ ዛሬ አልተበጠሰም። በዚያ ቤት ደግ ቃል የሰማው ከእሷ ብቻ ነው።

ነገሩ ሁሉ ገባው። የወንድሙ ዓይን የሄደው ከእሷ ጋር አልነበረም፤ ከእሷ በፊት፣ ከፊተኛው ምሰሶ ጀምሮ እየደከመ ሄዶ ነበር። ሰውየው እየሳተ ይበሳል፣ እያንጠባጠበ ያጣብቃል፤ እሷ ሲተኛ እየፈታች መልሳ ትሠራለች፣ ሲነቃ ያምራል ትለዋለች። ያ በሰው ሥራ ላይ የሚፈርድ አለቃ ይህን አያውቅም።

ለዝገቱስ እንዲህ የሚያደርግለት ማን ነበረው? ያን በር አንድ ሰው ወስዶ ቢያቃናለት ኖሮ፣ ዛሬ ማን ይባል ነበር?

አሁን በእጁ ያለው ከማንኛውም ስድብ ይከብዳል። ጥሩ ነው ብሎ ቢወጣም ውሸት አይሆንም፤ ሥራው ጥሩ ነው። ማጉያውን አስቀመጠ። ከዚያ በጠረጴዛው ላይ ተንጠራርቶ የወንድሙን እጅ ያዘ። ለመምታት ይሁን ለመስጠት እሱም አላወቀውም።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ይሄን ዳስሰው።»

«ያለቀ ክር በጣት አይነካም» አለ ታላቅየው እጁን እየሳበ። «ይላላል። እሷ ናት የከለከለችኝ። ከዚያ ወዲህ ነክቼው አላውቅም።»

«አውቃለሁ» አለ ዝገቱ፤ እጁን ግን አልለቀቀም። አመልካች ጣቱን ለይቶ፣ በመዘውሮቹ መካከል አሳልፎ፣ አንዷ ቋጠሮ ላይ አሳረፈው።

ጣቱ መጀመሪያ ቸኩሎ ዳሰሰ፤ እንደ አለቃ፣ ጥፋት እንደሚፈልግ ሰው። ዙሪያውን ዞረ። የተደበቀውን ጫፍ ሲነካ ቆመ። ሌላው እጁ ከጉልበቱ ተነስቶ፣ በገዛ ራሱ ወደ ሸሚዙ ደረት ሄደና ቁልፉን ያዘ። ከሥሩ ያለውን ክር በአውራ ጣቱ ፈተሸ። ፊቱ ላይ የተንቀሳቀሰ ነገር አልነበረም።

«ከየት ጀምሮ?» አለ፣ ድምፁ ሳይሰማ ሊቀር ጥቂት ሲቀረው።

ዝገቱ የወንድሙን ጣት ይዞ፣ ቀስ እያለ፣ ምንም ሳይነካ ወደ ፊተኛው ምሰሶ ወሰደውና እዚያ ለቀቀው።

ከውጭ የመኪና በር ተዘጋ። ልጅቱ አንገቷን በበሩ አስግጋ፣ ሰዎቹ እንደመጡ፣ ሣጥኑንም እንዳመጡ ነገረቻቸው። «ይግቡ ወይ፣ አባዬ?»

አባትየው እጁን ወደ እሷ አነሳ፤ ቆዩ ማለቱ ይሁን ግቡ ማለቱ አልለየም። ሌላው እጁ ክሩ ላይ ነበር። አንዱን ቋጠሮ ጨርሶ ወደሚቀጥለው አለፈ።