ነጠብጣቡ መስመር

ትክክል ነበርኩ። ጉራ ከመሰለ ይምሰል፤ ለንደን ባተርሲ የሚኖሩ አንድ አዛውንት መርከበኛ በደሴታቸው ቋንቋ ያወሩኝን ካሴት ጆሮዬ እስኪያመኝ ደጋግሜ ሰምቼ ያገኘሁት ነው።

በምሥራቅ ኢንዶኔዥያ አንድ ጥግ አምስት ትንንሽ ደሴቶች አሉ። ከእኔ በፊት የጻፉት ሁሉ አምስቱን ቋንቋዎች የአንድ እናት ልጆች ብለው መድበዋቸዋል። እኔ ደግሞ አምስተኛው፣ የመርከበኛው ቋንቋ፣ ከሌላ ቤት የመጣ ነው ባይ ነኝ። የጥንቱ «ፐ» በአራቱ ውስጥ «ሀ» ሆኗል፤ ድሮ እሳት «አፒ» ነበር፣ ዛሬ «አሂ» ነው። አምስተኛው የመርከብና የገበያ ቃሎችን እንደ ጎረቤቶቹ በ«ሀ» ይላል። እሳት፣ አጥንት፣ ጨቅላ ሲል ግን «ፈ» ነው የሚወጣው፤ እሳቱ «አፊ» ነው። የገበያውን ከጎረቤት ለመደ፣ የጓዳውን ይዞ መጣ። በቃ!

ለመመረቂያዬ ፈተና ሳምንት ሲቀረኝ፣ በ1996 መሆኑ ነው፣ ሆሎዌይ ሰፈር እናቴ ቤት ሄጄ የቋንቋዎቹን የዘር ሐረግ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁ። አራት መስመር ከአንድ እናት ይወርዳል፤ አምስተኛው ብቻውን ጥግ ቆሟል።

«ይሄ ምን አጥፍቶ ነው?» አለች እናቴ፣ የሻረግ፣ መነጽሯን አድርጋ።

አስረዳኋት።

«ስንት ዘመን አብሯቸው ኖረ?»

«ሺህ ዓመት ሊሆን ይችላል።»

«እና ዛሬ አንቺ ከለንደን ተነስተሽ ልጅ አይደለህም ልትዪው ነው?»

«እማዬ፣ ማደግ ሌላ፣ መወለድ ሌላ» አልኳት፣ ኮራ ብዬ።

መነጽሯን አውልቃ አጠፈችው። ያልኩት ለራሴ የተሰማኝ ያኔ ነው።

የወለደችኝ እናት በወሊድ ስትሞት፣ ጎረቤቷ የሻረግ አውራ ጣቷን ማር ውስጥ ነክራ አጠባችኝ፤ በሽማግሌ ፊት ምላ የጡት ልጇ አደረገችኝ። እንዲያ የማለ ሰው «አልወለድኳትም» አይልም። ሰፈሩ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ ቤታችን ውስጥ ግን ይህ ነገር ተነስቶ አያውቅም። አሁን አነሳሁት፣ ያውም በኩራት። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

«ሻይ ላፍላልሽ» ብላ ተነሳች። እጄን ስዘረጋ ሳታየኝ አለፈች።

ድምዳሜዬን ግን አልቀየርኩም፤ እውነት ነዋ። መስመር ጨመርኩ። ከአራቱ እናት ወደ አምስተኛው በነጠብጣብ አወረድኩት። ፈታኙ ፕሮፌሰር ጣታቸውን እዚያ ላይ አድርገው «ይህ ምንድን ነው?» ሲሉ፣ ስለ ማሩና ስለ መሐላው ነገርኳቸው።

«አልተወለደም። የቤቱ ልጅ ግን ነው» አልኩ።

አለፍኩ። ከዚያ በቀጥታ አውቶቡስ ይዤ ሆሎዌይ።

እናቴ አቅፋ ሳመችኝና ወረቀቱን ተቀበለችኝ። አራቱን መስመሮች አልፋ አምስተኛው ላይ ቆመች። ነጠብጣቡ ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

«ማተሚያችሁ ቀለም አልቆበት ነው?» አለች።

«አይ እማዬ፣ እሱ...»

«ዝም በይ።» ከመሳቢያዋ እስክሪብቶ አወጣች፣ ምላሷን እንደ ተማሪ ነክሳ ነጠብጣቦቹን አንድ በአንድ አገናኘቻቸው። ስትጨርስ ከአራቱ የወፈረው የእኛ መስመር ነበር።