ለዳማዋ የሚስማማ ስድብ

አጎቴ ፈረስ አዋቂ ናቸው። ይህን የምለው እሳቸው ስለሚሉት ነው። የጋጣው መግቢያ ግድግዳ በፎቶግራፋቸው ተሸፍኗል፤ በሁሉም ላይ አንድ ፈረስ አንገቱን ቀና፣ አጎቴ ሆዳቸውን ሰብሰብ አድርገው ቆመዋል። ፈረሱን ማን እንዳጠበው፣ ከሥሩ ፋንድያውን ማን እንደዛቀው ፎቶው አያሳይም። እኔ ነኝ። የወንድማቸው ልጅ ነኝ፤ ቤታቸው ስለምኖር በራሳቸው አነጋገር “ቤተሰብ” እባላለሁ፤ አካፋ የሚሰጠው ለቤተሰብ ነው።

ዳማዋ ባዝራ ግን ፎቶ ላይ የለችም። መልኳ ያምራል፤ እግሯን ሲነኳት ግን አእምሮዋን ትስታለች። ስለዚህ ሰኮናዋ ሳይከረከም ከርሞ ጫፉ ወደ ላይ ተጠምዝዟል፤ ስትራመድ የታላቅ እህቷን ጫማ ሰርቃ እንደወጣች ልጅ ትንገዳገዳለች። የኋላ ግራው ደግሞ መሰንጠቅ ጀምሯል። የእንስሳት ሐኪሙ አንድ ጊዜ በማደንዘዣ አስተኝቶ ሊያስከረክማት ሲሞክር ልቧ ሊቆምበት ነበር፤ ሁለተኛ እጄን አላስገባም ብሏል።

“ስንጥቁ ወደ ላይ ከወጣ መቆም አትችልም” አለ። “ከምትሠቃይ በመርፌ መገላገል ይሻላል።”

አጎቴ ወዲያው ተስማሙ። ሰውየው እንዲህ ፈጥነው የተስማሙበት ነገር አይቼ አላውቅም። “ከርካሚው በሚቀጥለው ሲመጣ ጸጥ ብላ ካልቆመችለት በቃ፣ የዚያኑ ቀን ይወጓታል” አሉ።

“ጋሼ፣ እስከዚያ ለእኔ ይተዉልኝ።”

“ምን ልታደርጊያት?”

“መቆም ላስተምራት።”

“አንቺ?” ሳቁ። “ክንዴ ያቃተውን?”

ክንዴ ሰኮና ከርካሚው ነው። የእናት አባቱ ስም አይደለም፤ ወሬውን ሁሉ “በዚህ ክንዴ” ብሎ ስለሚጀምር ግቢው ያወጣለት ነው። በዚህ ክንዴ ኮርማ ጥያለሁ። በዚህ ክንዴ በቅሎ አንበርክኬያለሁ። ዳማዋን ግን በዚያ ክንዱ አላቆማትም። እጅጌውን ይጠቀልላል፣ ከጎኗ ይጠጋል፣ ድምፁን ማር ያስመስልና “አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ ቆንጆ” ይላል፤ ከዚያ እግሯን ላፍ። እሷ ትራገጣለች፣ እሱ ይለቃል። አጎቴ ከሩቅ፣ ሁልጊዜም ከሩቅ፣ “አይዞሽ በላት እንጂ!” ብለው ይጮኻሉ። ክንዴ “አይዞሽ” ይላል፤ እንደገና ላፍ። እንደገና እርግጫ። ሁለት ትልልቅ ወንዶች አንዲትን ፈረስ “ተራገጪና ትለቀቂያለሽ” ብለው ሲያስተምሩ ውለው፣ ማታ “ይቺ ፈረስ ትምህርት አይገባትም” ይላሉ። ገብቷት ነበር እኮ! ከእናንተ በላይ ገብቷት ነበር።

የቀረውን የነገረችኝ ራሷ ዳማዋ ናት። አንድ ቀን ጀርባዋን ስቦርሽ ከንፈሯን ጥላ ታንቀላፋለች። የአጎቴ ሚስት ከውጭ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ባሏ ጥሏት የሄደባትን ጓደኛዋን በስልክ ታጽናናለች። “አይዞሽ እቴ” አለች። “አይዞሽ።”

ዳማዋ ተስፈንጥራ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። እግሯን የነካት የለም። ክንዴ በአገሩ የለም። ቆዳዋ ግን ከትከሻዋ እስከ ጭኗ ይርገበገብ ነበር።

እዚያው ቆሜ ሳቅኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ። በዚህ ግቢ ውስጥ ያቺን ቃል ለእሷ ብሎ የተናገረ ሰው ሁሉ፣ ቃሉን ሳይጨርስ እግሯን ይዟል። ለእኛ ማጽናኛ ነው። ለእሷ “መጡብሽ!” ነው።

በምሳ ሰዓት አስታወቅሁ፦ ከዛሬ ጀምሮ ጋጣው አጠገብ አይዞሽ የሚባል ነገር የለም።

“ምን ነካት?” አሉ አጎቴ። “ደግ ቃል እኮ ነው።”

“ከእናንተ አፍ ሲወጣ አይደለም።”

ሥራውን ጀመርኩ። መጀመሪያ መጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ ጭድ የሞላሁበት ጓንት አሰርኩ፤ ብትራገጥ የእንጨቱን እጅ እንጂ የእኔን እንዳትሰብር። ጓንቱን ከትከሻዋ ወደ ጉልበቷ፣ ከጉልበቷ ወደ ቁርጭምጭሚቷ አወርዳለሁ። ስትራገጥ ጓንቱ እግሯን ተከትሎ ይሄዳል እንጂ አይነሳም። የሚነሳው ጸጥ ስትል ነው። ጸጥ ስትል ወዲያው። ይህን ለማወቅ ክንድ አያስፈልግም።

ችግሩ ዝም ብዬ ስነካት ትደነግጣለች፤ ድምፅ ትፈልጋለች። ማባበል ደግሞ አልሆነልኝም፤ ምላሴ ለዚያ አልተፈጠረም። ስለዚህ የምችለውን አደረግሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሰደብኳት።

“አንቺ ቅምጥል” አልኳት ጓንቱን እያወረድኩ። “አንቺ ገልቱ። ማን አባቱ ነው እንዲህ ያሞላቀቀሽ? ለራስሽ ሰኮና የማትሆኚ፣ አንቺ አጉል ኩሩ።”

ጆሮዋን ወደ እኔ አዞረች። በሕይወቷ እንዲህ ብሎ የያዛት ሰው የለምና የሚያስደነግጣት ነገር አላገኘችበትም። ቀስ በቀስ ጓንቱን ጥዬ በእጄ ያዝኳት። “ሰነፍ” ስላት ክብደቷን ወደ ሌላው እግር ታዛውራለች። “ደንቆሮ” ስላት እግሯን ራሷ ታነሳልኛለች።

የአጎቴ ሚስት በበሩ አንገቷን አስግጋ ታዘበችኝ። “በእንጨት ትነካኪያለሽ፣ ትሳደቢያለሽ። ባል ብታገኚ ምን ልታደርጊው ነው?”

“ያው ነው እትዬ። እግሩን እስኪያነሳ እጠብቃለሁ።”

ክንዴ የመጣ ቀን አጎቴ ሐኪሙንም አስቀድመው ቀጥረውት ነበር። “የሰው ጊዜ ለምን ይባክናል” አሉ። እኔ ዳማዋን አውጥቼ ክንዴን ወደ ጎን ጠራሁት።

“እግሯን እኔ እይዛለሁ፣ አንተ ትከረክማለህ። ያቺን ቃል ግን እንዳትተነፍሳት።”

“ታዲያ ምን ልበላት?”

“ስደባት።”

“እኔ? ሴት ሰድቤ አላውቅም።”

“ሚስትህ እንደዚያ አትልም። ለስለስ አድርገህ ብቻ።”

የፊት ቀኙን አነሳሁለት። ጎንበስ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። “አንቺ... አንቺ ፈረስ።”

“ይኼ ስድብ ነው?”

“ምን ላድርግ፣ ፈረስ ናት እኮ!”

“የምትጠላውን ሰው አስብ።”

ትንሽ አሰበ። ከዚያ ጉጠቱን ሰኮናው ጫፍ ላይ አሳርፎ፣ በዚያ በማር ድምፁ ጀመረ፦ “አንቺ ጉረኛ። ሌላው ሲለፋ አጥር ተደግፈሽ የምታዢ። ፈረስ ሳትነኪ ፈረስ አዋቂ ነኝ የምትዪ። ሆድሽን ሰብስበሽ ፎቶ የምትነሺ።”

አጥሩን የተደገፉት አጎቴ ጆሯቸው ቆመ። “ስለማን ነው የሚያወራው?”

“ስለ ፈረሷ” አልኩ።

ክንዴ ሰተት ብሎ ገባበት። ለካ ስንት ዓመት ሲጠራቀም የኖረ ነገር ነበረው! የፊት ሁለቱ አለቁ፤ የኋላ ቀኙም አለቀ። ዳማዋ ዓይኗን ከድና ትሰማለች።

የኋላ ግራው ላይ ሞረዱ ስንጥቁን ሲነካው ዘለለች። እግሯ ከእጄ ሊያመልጥ ሲል ተከተልኩት፤ ከርካሚውን በትከሻዬ ገፍቼ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ወደሄደበት ሄድኩ። አጎቴ ከአጥሩ “አይዞ—” ሲሉ ክንዴ ዞር እንኳ ሳይል፦

“ጋሼ! አፍዎን!”

በዚያ ግቢ እሳቸውን እንዲህ ያላቸው ሰው የለም። ቃሉን ዋጡት። እኔም በሹክሹክታ ጀመርኩ። “አንቺ ፈሪ። አንቺ ቀልበ ቢስ። ወዴት ልትሄጂ ነው?” መንቀጥቀጧ ከወገቧ ወደ ታች፣ ወደ እጄ ወረደ፤ ከዚያ ቆመ። የእግሯን ክብደት በሙሉ ጭኔ ላይ ለቀቀችው። ክንዴ ሞረዱን አነሳ።

ይኼኔ የሐኪሙ መኪና በር ላይ ቆመች። አጎቴ ሆዳቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀበሉት።

“ቦርሳህን አትክፈት ዶክተር” ሲሉ ሰማኋቸው። “ቆማለች። ሰዎቹን ‘እግር ስትይዙ የምትሏትን ቃል ተዉ’ አልኳቸው፤ ነገሩ ያ ነበር። ፈረስ እኮ ማጥናት ይጠይቃል።”

“እርስዎ ነዎት ያስተማሯት?”

“ታዲያ ማን ሊሆን? ልጅቷም ትንሽ አግዛኛለች።”

አፌ ሞላ። ጥርሴ ጀርባ የተሰለፈውን ነገር ብነግራችሁ ይህ ወረቀት ይቃጠላል። ግን የዳማዋ እግር ጭኔ ላይ ነው፤ ድምፄን ከፍ ካደረግሁ ያ ሁሉ ድካም ባንዴ ይራገጣል።

ክንዴ ከሥር ቀና ብሎ አየኝ። “አትመልሺላቸውም?” አለ በሹክሹክታ።

“ሞርድ” አልኩት።

ሞረደ። ጠርዙን አስተካከለ፣ በመዳፉ ዳሰሰ፣ ራሱን ነቀነቀ። እግሯን ሳልጥለው፣ ቀስ ብዬ፣ መሬት አስቀመጥኩት። አራቱም ሰኮና አፈሩ ላይ ልክክ አለ። ገመዷን ለክንዴ ሰጠሁ፣ ከጉልበቴ ላይ ፍርፋሪውን አራገፍኩ፤ ከዚያ አፌ እንደሞላ ወደ አጎቴ ሄድኩ።