ከመጠባበቂያው ጎማ ሥር

የታናሽ ወንድሜ መኪና የተሰረቀች ዕለት አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የምናገረው ኮርቼበት አይደለም። ታሪኩን ከመሃል ብጀምረው እንደ ደግ ሰው አዝኜ ነበር ብዬ እንደምዋሽ ስለማውቅ ነው።

የተሰረቀችው በጠራራ ፀሐይ ነው። ወንድሜ የእናታችንን የደም ግፊት መድኃኒት ሊገዛ ፋርማሲ በር ላይ አቁሟት ገባ። ሲወጣ በእሷ ቦታ ሌላ መኪና ቆሟል። ከዚያ ተነሥቶ እኔ እስከምሠራበት ጋራዥ ድረስ በእግሩ ሮጠ። መድኃኒቱ አሁንም በእጁ ነበር።

«ጋሼ፣ ወሰዷት» አለኝ።

የሚኒባስ በር እየቀጠቀጥኩ ነበር። መዶሻዬን አስቀምጬ «አይዞህ፣ ትገኛለች» አልኩት። በሆዴ ግን «እስቲ አንተም አውቶቡስ ተጋፋ» እያልኩ ነበር።

እኔ ባትላሜራ ነኝ። የተጨረማመተ የመኪና አካል ቀጥቅጬ ወደ ቦታው እመልሳለሁ፤ በዚህ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ የነዳሁት ግን ከጋራዡ በር እስከ ቀለም ቤቱ ነው፣ እሱንም የሰው መኪና። ወንድሜ ያቺን መኪና ሲገዛት ተገልብጣ የተነሣች ስብርባሪ ነበረች። ጣሪያዋ የመሪውን አናት ነክቶ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ፣ ማታ ከሥራ በኋላና እሑድ እሑድ፣ በነጻ ቀጠቀጥኳት። ወንድም ነዋ።

አንድ እሑድ እናታችንን ይዟት መጣ። ጣሪያው ተስተካክሏል፣ በሮቹ እንደ አዲስ ይከፈታሉ ይዘጋሉ፣ የቀረው ቀለም ብቻ ነው። እናቴ መሬት ላይ የተዘረጉትን መዶሻዎቼን ተራምዳ አለፈችና መኪናዋን ዳበሰቻት። ከዚያ የወንድሜን ግንባር ሳመች። «መከታዬ፣ እጅህ ይባረክ» አለችው።

የእሱ እጅ ኪሱ ውስጥ ነበር። የእኔ አውራ ጣት በላሜራ ተቆርጦ በጨርቅ ተጠቅልሏል። እሱ ከተወለደ ጀምሮ «መከታዬ» ነው፤ እኔ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ እስከ ዛሬ «አንተ ልጅ» ነኝ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ሲሉ እሰማ ነበር፤ ያን ቀን ልጡ እላዬ ላይ ሲነከር ተሰማኝ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ አንድ ልማድ ነበራቸው። መኪና ቀለም ከመቀባቷ በፊት መጠባበቂያው ጎማ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ በሹል ብረት ሦስት ነጥብ ይመታሉ። «ሌላ ጋራዥ አበላሽቶ በአንተ ሲያሳብብ የራስህን ሥራ ለይተህ እንድታውቅ» ይሉ ነበር። እኔም ስንት መኪና ላይ ሦስት ነጥቤን መትቻለሁ። እናቴና ወንድሜ ከሄዱ በኋላ ያችንም መኪና መታኋት፤ እጄ ግን ሦስቱ ላይ አልቆመም። ነጥብ በነጥብ ፊደል እየሠራሁ ከጎናቸው እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በእግርህ ያስኪድህ»።

በማግስቱ ቀለም ተረጨበት፣ ምንጣፉ ተነጠፈበት፣ ጎማው ተቀመጠበት። ወንድሜ ያያል ብዬ አልሰጋሁም። እሱ ጎማው ሲተነፍስ ምንጣፍ የሚያነሣ ሰው አይደለም፤ ለእኔ የሚደውል ሰው ነው።

እንግዲህ ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ እናቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ጉልበቴን አቅፌ፣ ከተማውን ዞርን። እሷ ለሚያውቃትም ለማያውቃትም «የልጄ ነች» ትላለች። ከዚያ ተሰረቀች።

ፖሊስ ጣቢያ አብሬው ሄድኩ። ተረኛው ሳጅን ታርጋውን፣ ቀለሙን፣ የሞተር ቁጥሩን መዝግቦ በሬዲዮ አስተላለፈ። «ቶሎ መጥታችኋል፣ ጥሩ ነው» አለን። ያም ሆኖ ሦስት ሳምንት ወሬዋ ጠፋ። በሦስቱ ሳምንት ወንድሜ ከእኔ ጋር አውቶቡስ ይሰለፍ ጀመር። ጫማው ሲረገጥ፣ ሸሚዙ ሲጨማደድ፣ ዝናብ ሲመታው ከጎኑ ሆኜ አየሁ። ደስ አለኝ። እናቴ ጠዋት ጠዋት መኪናዋ እንድትገኝ ስትጸልይ እኔም አጠገቧ ቆሜ «አሜን» እል ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባል የለ? ሳሉን ለሌቦቹ ትቼ ቂሙን እኔ ወሰድኩ።

በአራተኛው ሳምንት ረቡዕ ከተሽከርካሪ ስርቆት ክፍል ተደወለ። ፍተሻ ላይ የተያዘች መኪና አለች፣ ኑና እዩ አሉን። ቀይ የነበረችው ብርማ ሆናለች። ታርጋዋ ሌላ ነው። የሻንሲ ቁጥሯ በመፍጫ ተፍቆ ሌላ ተመትቶበታል፤ ሞተሯም ተቀይሯል። የወንበሩ ልብስ እንኳ የእሷ አይደለም። እኔ ግን ከግቢው በር ገና ሳያት አወቅኳት፤ የገዛ ልጁን ልብስ ስለቀየረ የማይለይ አባት የለም።

መርማሪዋ ረጅም፣ ድምፅዋን የማታነሣ ሴት ነበረች። «ችግሩ ይኼ ነው» አለችን። «የያዛት ሰውዬ ወረቀት አለው። ወረቀቱ ሐሰተኛ ይመስለኛል፣ ግን መምሰል ማስረጃ አይሆንም። እሱም ተታሎ የገዛ ሊሆን ይችላል። እስከ ዓርብ ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀው ምልክት ካላመጣችሁልኝ በዋስ ይዟት ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ፍርድ ቤት ነው፤ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ እኔም አላውቅ።»

ወንድሜ ያልተናገረው የለም፤ የሲጋራ ጠባሳ፣ የላላ የበር እጀታ፣ የመስተዋት ጭረት። ሁሉም ተቀይሯል። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ነህ አሉ የሠራሃት። ባለሙያ የእጁን ምልክት አይተውም?»

ሦስቱ ነጥቦች ትዝ አሉኝ። ከጎናቸው ያለው ጽሑፍም። አንዱን አሳይቶ ሌላውን መደበቅ አይቻልም።

«አይ፣ የለም» አልኳት።

ወንድሜ አቀረቀረ። ወጥተን አውቶቡስ ስንጠብቅ «ጋሼ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር» አለኝ። ይህን ቃል በምን ሥራዬ እንዳገኘሁት አላውቅም። ሁለት ቀን ምግብ አልበላልኝ አለ፤ አፌን ግን አልከፈትኩም።

ዓርብ እናታችንም መጣች። መነጽሯን ቤት ረስታ፣ በሚያማት እግሯ እያነከሰች ክንዴን ይዛ ገባችና ግቢው ውስጥ ከመኪናዋ ራቅ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። መኪናዋን የያዘው ሰውዬ ቀድሞን ደርሷል። ከኪሱ ጨርቅ አውጥቶ ጣሪያዋን የሚሸከመውን የፊት ምሰሶ ይወለውላል፤ ያ ምሰሶ አራት እሑድ የፈጀብኝ ነው። ከዚያ ገብቶ የሹፌሩን ወንበር ለቁመቱ ወደ ኋላ ገፋ። ወንድሜ ሲቀመጥባት የተቃጠልኩት መቃጠል ጨዋታ ነበር ለካ።

«እነዚህ ሰዎች ተገልብጣ ነበር ይላሉ» አላት ለመርማሪዋ። «እስቲ ይቺን እዪልኝ። የት ቦታዋ ነው የተነካው? ፋብሪካ እንደሠራት ናት። መዶሻ አላረፈባትም።»

በዕድሜዬ ማንም እንዲህ አድርጎ ሥራዬን አመስግኖኝ አያውቅም። እንዲህ አድርጎም ማንም አልካደኝም። ለወንድሜ ብዬ ተናገርኩ ብል ውሸት ነው፤ የተናገረው ያው ቅናቴ ነው።

«መዶሻ አርፎባታል፣ የእኔ» አልኩ። «ከመጠባበቂያው ጎማ ሥር ሦስት ነጥብና ጽሑፍ አለ።»

መርማሪዋ ረቡዕ «የለም» ማለቴን አልረሳችም። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችኝ። «ሳይከፈት ምን እንደሚል ጻፍልኝ።»

ጻፍኩ። አነበበችው፣ ወንድሜን አየችው፣ ወረቀቱን አጠፈችው። ጎማው ወጣ፣ ምንጣፉ ተነሣ። በሁለት እጅ ቀለም ሥር ነጥቦቹ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ጎድጉደው ይታያሉ። በጣቷ እየተከተለች መዝጋቢው ፖሊስ እንዲጽፍ ጮክ ብላ አነበበች፦ «በ-እግርህ ያስኪድህ።»

መዝጋቢው ቀና አለ። ሰውዬው ጨርቁን ወደ ኪሱ መለሰ። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ፊደሎቹን ራሱ ዳሰሳቸው፣ አንድ በአንድ።

«መቼ ነው የጻፍከው?» አለኝ።

«እማዬን ያመጣሃት እሑድ።»

ተነሥቶ ወደ መዝጋቢው ሄደ። ፈረመ፣ ቁልፉን ተቀበለ። እናታችን ከአግዳሚው ተነሥታ እልል ልትል ምንም አልቀራትም፤ የሰማችው «ጽሑፉ ተገኘ» የሚለውን ብቻ ነው። ደግፎ ከፊት ወንበር አስቀመጣት፤ ቀበቶዋን አሰረላት። ከዚያ ዞሮ መጥቶ ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖረው።

«አንተ ንዳት» አለኝ። «እኔ በእግሬ እመጣለሁ።»

ጋሼ አላለኝም። በግቢው በር ወጥቶ ሄደ።

የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ስንት ዓመት የተመኘሁት ወንበር ነው። አስነሣኋት፤ ከግቢው ወጥቼ በመንገዱ ዳር በእርምጃው ልክ ከኋላው ነዳሁ። እጁን ኪሱ ከቶ ይሄዳል፤ ዞር አላለም።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች እናቴ። «ምንድነው የተጻፈው? ሰዎቹ ሁሉ ዝም አሉ እኮ። ንገረኝ አንተ ልጅ።»

ነገርኳት። ማን እንደጻፈውም፣ ለምን እንደጻፍኩትም። የአውራ ጣቴን ጠባሳ ሳይቀር አሳየኋት።

ጣቴን ይዛ ለብዙ ጊዜ አየችው። ግንባሬን ስማ የምትመርቀኝ መስሎኝ ነበር።

«አቁም» አለች።

አቆምኩ። ቀበቶውን መፍታት አቅቷት እኔ ፈታሁላት። በሩን ከፍታ፣ ጣሪያውን ተደግፋ ወረደች። «መከታዬ፣ ጠብቀኝ» እያለች በዚያ በማይራመድ እግሯ ተከተለችው። እሱም ቆሞ ጠበቃት፣ ክንዱን ሰጣት።

ከኋላዬ ያሉት መኪኖች ጥሩምባ ይነፉብኝ ጀመር። ሁለቱ ከመታጠፊያው እስኪጠፉ ድረስ እዚያው እንደቆምኩ ነበር።