የላፋኤሌ ሃያኛ ዓመት

ሰው ዓመቱን በገና ይቆጥራል፤ ተጠባባቂ ወታደር ግን በፈረመበት ቀን። ላፋኤሌ ይህ ሳይገባው አንድ ሙሉ ዓመት አስበልቷል። ማን ነግሮት ይግባው?

ነገሩ እንዲህ ነው። በወጣትነቱ አራት ዓመት መደበኛ ወታደር ሆኖ ጀርመን አገር ባለ የጦር ሰፈር ኖረ። ከዚያ ወደ ደሴት አገሩ ወደ ፓጎ ፓጎ ተመልሶ ቱና ፋብሪካ ገባ። አርባን ካለፈ በኋላ፣ አንድ ነሐሴ፣ ለተጠባባቂው ጦር ፈረመ። በወር አንዴ ቅዳሜና እሁድ ቦት ጫማውን አጥብቆ ይሄዳል፤ በሌላው ቀን ሽርጡን አገልድሞ ዓሣ ሲቆርጥ ይውላል። መሐል ላይ ኢራቅ ዘምቶ በጤና ተመልሷል። ጡረታው የሚገኘው ይህ ሁሉ ተደማምሮ ሃያ ሙሉ ዓመት ሲወጣው ነው። ሙሉ ዓመት የሚባለው ደግሞ በልምምድ የሚሰበሰብ ሃምሳ ነጥብ ያለው ነው። አርባ ዘጠኝ ያመጣ ሰው ያን ዓመት እንዳልኖረ ይቆጠራል፤ ኧረ ምን ይደረግ!

የተበላው ዓመት የተበላው በአጎቱ በማላኤቴሌ ነው። ማላኤቴሌ የቤተሰቡ አለቃ ነው፤ ላፋኤሌ ደግሞ የቤተሰቡ አፍ። እዚያ አገር አለቃ ራሱ አይናገርም፤ የሚናገርለት ሰው አለው። ያኔ ከጎረቤት ጋር የድንበር ክርክር ተነሳና ወር በገባ ቁጥር ሽምግልናው ልምምዱ ላይ ይወድቃል። ማላኤቴሌም "አትሂድ" ይለዋል፣ ላፋኤሌም ይቀራል። "ግድ የለም፣ እስከ ገና አሟላዋለሁ" ሲል ዓመቱ ነሐሴ ላይ ተዘጋ። ክርክሩን ረቱ፤ ዓመቱ ግን ቀለጠ። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ያውቃል፦ "ሞላ ወይ?"

አሁን ደግሞ ነሐሴ ደርሷል፤ የቀረው አንድ ቅዳሜና እሁድ ነው። ላፋኤሌ በሚመጣው ወር ስድሳ ይሞላዋል። በስድሳ ዓመት ሠራዊቱ ያሰናብታል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይዞ የተሰናበተ ጡረታ አያገኝም። ማላኤቴሌም አልጋ ይዟል።

ዓርብ ማታ ላፋኤሌ ሊጠይቀው ገባ።

"አንተ ልጅ፣ ሞላ ወይ?"

"ነገና ከነገ ወዲያ ከዋልኩ ይሞላል፣ አጎቴ። ግን እርስዎ እንዲህ ሆነው የትም አልሄድም።"

"እስረኛ ነኝ እንዴ ቁጭ ብለህ የምትጠብቀኝ? ሂድ!"

የሽማግሌው ሚስት ፉአቲኖ ማራገቢያዋን ሳታቆም "ሂድ ስትባል ሂድ" አለች። "ከእሱ ጋር ተከራክሮ የረታ ማን አለ?"

ላፋኤሌ ወጥቶ ሚስቱን ቫይቱሲን ለብቻዋ ያዛት። የቤት አለቃ ሲሞት መርዶውን ለመንደሩ ሽማግሌዎች መጀመሪያ የሚያደርሰው፣ ለቅሶ የሚመጣውንም በማዕረጉ ተራ እየጠራ የሚቀበለው እሱ ነው። ሌላ ሰው ከተናገረ ያ ቤት አፍ የለውም ይባላል።

"ከባሰበት ሰው ላኪብኝ። ጥዬ እመጣለሁ፤ ጡረታው ገደል ይግባ።"

"እሺ" አለች፤ ዓይኑን ግን አላየችም።

ልምምዱ ተራራው ላይ ነበር፤ አዳሩም እዚያው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ የልጁ እኩያ የሆነው ሃምሳ አለቃ ቶፊጋ የሁሉንም ስልክ በከረጢት ሰበሰበ።

"ምንድነው ደግሞ ይሄ?" አለ ላፋኤሌ።

"ትዕዛዝ ነው፣ ጋሼ። ከላይ።"

"ከየትኛው ላይ?"

"አይ ጋሼ፣ ላይ ላይ ነው እንጂ!"

ምሳ የጫነችው መኪና ከታች ከመጣች በኋላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ሌላ ጊዜ "ሙዚየሙ መጣ" እያሉ የሚተርቡት ልጆች ጥላ ያለበትን ቦታ ለቀቁለት። ታሮ የሚሉትን ጎደሬ ከነኮኮናት ወተቱ፣ የቆርቆሮ ሥጋውንም ቀድመው ለእሱ አቀረቡ። አንዱ ሳይለምነው ቦት ጫማውን ወለወለለት። ላፋኤሌም በሆዱ 'መሸኛ ደግሰውልኛል' ብሎ ደስ አለው። እንዲያውም ማታ "በግ ካላረዳችሁልኝ አልሄድም" ብሎ ቀለደ። የሳቀለት የለም።

እሁድ ከሰዓት ሻምበሉ እጁን ጨብጦ "ሃያኛው ዓመትህ ሞልቷል፣ እንኳን ደስ አለህ" አለው። ወታደሮቹ መሬት መሬት እያዩ አጨበጨቡ። ቶፊጋ "እኔ ላድርስዎት" ብሎ መኪና አስነሳ።

ከማላኤቴሌ ቤት ፊት ለፊት ድንኳን ተጥሏል፤ ሴቶች ለለቅሶ የሚሰጠውን የክብር ምንጣፍ ተሸክመው ይገባሉ።

"አቁማት" አለ ላፋኤሌ። "መቼ ነው?"

"ትናንት ጠዋት፣ ጋሼ። ገና ተራራውን ስንወጣ።"

"ሁላችሁም ታውቁ ነበር?"

"ስልክ የሰበሰብኩት ለእሱ ነው። ልጆቹ ምሳ ላይ ሰሙ።"

"የጎረቤት ዶሮ ቢያስነጥስ የሚሰማ ሕዝብ፣ እኔን ብቻ! አፍ ነኝ ስል ጆሮ እንኳን ሳልሆን ቀረሁ!" እንደዚያ ተናዶ አያውቅም። ልጁን በጥፊ ሊለው እጁን አነሳ፤ የቶፊጋ ዓይን እንባ እንዳቀረረ ሲያይ ግን እጁን መለሰ።

ፉአቲኖ በር ላይ ጠበቀችው።

"ለሽማግሌዎቹ ማን ነገረ?"

"ሲሚ።"

"ሲሚ! ጎማ የሚሸጠው ሲሚ?"

"ሌላ ማን ነበረ? ሦስተኛውን ማዕረግ ከመጀመሪያው አስቀድሞ ጠራና አንዱ ቤት ከደጅ ተመልሶ ሄደ። ይቅርታ የምትጠይቀው አንተ ነህ።"

"ለምን አልላካችሁብኝም? ቫይቱሲ እሺ ብላኝ ነበር!"

"እሷን አትናገራት፤ ያስማላት እሱ ነው። የመንደሩንም ሽማግሌዎች አስጠርቶ አስምሏቸዋል፤ ለሻምበልህም መልእክት ልኳል። 'ስሞት ደወል እንዳይደወል፤ ቆሜ አንድ ዓመት በልቼበታለሁ፣ ሬሳዬ ሌላ አይበላበትም' አለ።"

"ጡረታውን ጠላሁት፣ እትዬ።"

"ጥላው። ግን ትበላዋለህ።"

ቦት ጫማውን ፈትቶ ገባ። የወታደር ልብሱን እንደለበሰ ሬሳው አጠገብ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ። የተሰበሰበው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ፤ የቤቱ አፍ መጥቷልና ረጅሙ ንግግር ይጠበቃል። የአያቶቹ ስም፣ የተራራው ስም፣ የማዕረጉ ተራ፤ ሁሉንም በቃሉ ያውቀዋል። አፉን ከፈተ፤ አልመጣም። ጎንበስ አለና ወደ ሽማግሌው ጆሮ ተጠጋ።

"ሞላ፣ አጎቴ" አለ።

አለቀሰ፤ ማንም ዝም በል አላለውም። ከዚያ ፊቱን ጠርጎ ሽርጥ አምጡልኝ አለ። ሲሚ ያበላሸውን ለማቃናት ሳይጨልም መሄድ ነበረበት።