ሾፌሩ ሪሞት ሲመርጥ

ሾፌሩ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ አንድም ሰው አልገጨም። የገጨው ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው፤ ያውም ከጫማ ሳጥን በማትበልጥ መኪና፣ ያውም የእሽቅድምድም ክበቡን ሊቀ መንበር፣ ያውም ቁርጭምጭሚቱን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሪሞት የሚነዱ ትንንሽ መኪኖች የሚያሽቀዳድሙ ሰዎች አንድ የማይሻር ሕግ አላቸው፤ መጀመሪያ ሪሞቱ ይበራል፣ ቀጥሎ መኪናዋ። ሪሞቱ ሳይበራ መኪናዋ ከበራች የሚያዛት ስለሌለ ወደ መራት ትሄዳለች። ይህን ጀማሪ ሁሉ ያውቀዋል። የሾፌር እጅ ግን የሚያውቀው መጀመሪያ ሞተር ማስነሳትን ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ባለፈው ቅዳሜም ሾፌሩ እንደ ልማዱ የመኪናዋን ማብሪያ ቀድሞ ተጫነ። መኪናዋ ተፈተለከች። ሊቀ መንበሩ በሥራ ቀን የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ በአንድ እግሩ እየዘለለ ክፍል ውስጥ የማይባል ቃል ተናገረ። ሾፌሩ ደንግጦ ሪሞቱን ለቀቀው፣ ሪሞቱም ሲሚንቶ ላይ ወድቆ ለሁለት ተከፈለ።

ኮሚቴው ተሰብስቦ ወሰነ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሾፌሩ ማንንም ምንንም ሳይነካ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስምንት ዙር ይነዳል። ካልቻለ ስሙ ከዘንድሮ ተወዳዳሪዎች ዝርዝር ይሰረዝና ወንበር ተሰጥቶት የሌሎችን ዙር ይቆጥራል።

ወንበር! ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ ግራ ጎኑን መትቶት ከሆስፒታል ሲወጣ መሥሪያ ቤቱም የሰጠው ወንበር ነበር። ጡረታው እስኪደርስ ስምንት ወር ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጦ የሚወጡና የሚገቡ አውቶቡሶችን ቁጥር መዘገበ። እንደዚያ ጊዜ ከፍቶት አያውቅም። ትንሿን መኪና ልጁ የገዛችለት ሐኪሙ "ጣቶቹን ያሠራ" ስላለ ነው። ከግራ እጁ በወጉ የምትታዘዘው አመልካች ጣቱ ብቻ ናት፤ ሌሎቹ ሲጠሩ "አቤት" ለማለት ይዘገያሉ። መኪናዋ ግን ከሐኪም ትእዛዝ አልፋ መሪ መልሳ ሰጠችው። አሁን ደግሞ ይህን ሊቀሙት ነው። አይሆንም አለ ሾፌሩ፤ እንኳን ኮሚቴ ሌላም ቢመጣ አይሆንም።

ማክሰኞ ጠዋት ከልጁና ከልጁ ባል ጋር ሪሞት ሊገዛ ሄደ። አማቹ ስልክ ጠጋኝ ነው። ልቡ ቅን፣ አፉ የማይዘጋ፣ ቁልፍ የበዛበትን ዕቃ ሁሉ የሚወድ ሰው ነው። ሱቁ ጠባብ ነበር፤ ግድግዳው ላይ በላስቲክ የታሸጉ ጎማዎች ተንጠልጥለዋል፣ አየሩ ማስቲሽ ማስቲሽ ይላል። ባለሱቋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ካቻቢቴ በእጇ ይዛ ተቀበለቻቸው።

"አባባ፣ ለልጅ ልጅ ነው?"

"ለእኔ ነው።"

መነጽሯን ወደ ዓይኗ አወረደች። "ይቅርታ፣ አባባ። ይግቡ፣ ይግቡ።"

አማቹ ከእሷ ቀድሞ ከመደርደሪያው አንዱን አውርዶ ነበር። ስክሪን ያለው፣ ቁልፉ የማይቆጠር፣ ጥቁርና ወፍራም ሪሞት ነው። "ይሄ ነው፣ አባባ! የሃያ መኪና ማስተካከያ ለብቻ ለብቻ ይይዛል።"

"ያለኝ አንድ መኪና ነው።"

"ወደፊት ሲኖርዎትስ?"

"የአሥራ ዘጠኙን አቧራ ማን ሊጠርግ ነው፣ አንተ?" አለና ወደ ባለሱቋ ዞረ። "የኔ ልጅ፣ ሰዓትሽን እይልኝ። ውድድሩ አምስት ደቂቃ ነው። እያንዳንዱን ስድስት ስድስት ደቂቃ ቆሜ እይዛለሁ።"

"እንዴ፣ አባባ!" አማቹ ሳቀ። "ሪሞት እኮ የሚመረጠው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አንብቦ ነው።"

"ጫማ ስትገዛ ካርቶኑን ነው የምትለካው?"

ባለሱቋ ሳቋን ውጣ ሰዓቷን ተመለከተች። ሾፌሩ በሱቁ መሐል ቆሞ ባዶ ወለል ላይ አፍጥጦ መንዳት ጀመረ፤ ከመንገድ ላይ ያየው ሰው ጤናውን ይጠራጠር ነበር። በሦስተኛው ደቂቃ ግራ እጁ ወረደ። በአራተኛው ሪሞቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። "ይሄ ሪሞት አይደለም፣ ሻንጣ ነው።"

ሁለተኛው ሁለት ዘንግ ያለው ነበር፤ ፍጥነቱ በግራ አውራ ጣት፣ መሪው በቀኝ። ግራ አውራ ጣቱን "ሂድ" አለው፤ ጣቱ ሲያስብ ቆይቶ ሄደ። በዚህ ዓይነት መኪናዋ ግድግዳ ውስጥ ገብታ ነው "ቁም" የሚለው ትእዛዝ የሚደርሳት። ሰዓት ማየትም አላስፈለገ፣ መለሰው።

ባለሱቋ ጎንበስ ብላ ከታችኛው መደርደሪያ ቀለሙ የለቀቀ ካርቶን አወጣች። "ይሄ እንኳን የጀማሪ ነው፣ አባባ። ብዙ ነገር የለውም" አለች፣ እንደማፈር ብላ።

ብዙ ነገር አልነበረውም። በግራ እጅ የሚጨበጥ እጀታ፣ አመልካች ጣት የሚያርፍበት እንደ ጠመንጃ ያለ ምላጭ፣ በቀኝ እጅ የሚዞር ትንሽ መሪ፣ አንድ ማብሪያ፣ የጎማውን አቅጣጫ የምታቃና አንዲት ቁልፍ። ምላጩን ሲስቡት መኪናዋ ትሄዳለች፣ ወደ ፊት ሲገፉት ትቆማለች፤ በቃ። ሾፌሩ ዓይኑን ጨፈነ። አዲስ አውቶቡስ ሲረከብ እንደሚያደርገው መሪውን በትንሹ ወደ ቀኝ፣ በትንሹ ወደ ግራ እያለ ክፍተት ፈለገበት። የለውም። ምላጩ ልዝብ ነው፣ አንድ ጣት ብቻዋን ትችለዋለች። በአራተኛው ደቂቃ እጀታው ሊያመልጠው ሲል ታችኛውን ጫፍ ቀበቶው ላይ አስደገፈውና ቀጠለ። ስድስት ደቂቃ ሞላ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ።

"ሞልቷል፣ አባባ" አለች ባለሱቋ።

"ሁለት ጨምሪልኝ።"

ስምንት ደቂቃ ሲሞላ ዓይኑን ገለጠ። "ይሄው ነው።"

አማቹ ግን አሁንም አላለቀለትም። የክብሪት ሳጥን የምታህል ዕቃ አንስቶ አሳየው። "ቢያንስ ይቺን ሚዛን ጠባቂ መኪናዋ ውስጥ እንግጠማት። ጅራቷ ሲንሸራተት ራሷ ታቃናታለች። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ሲባል አልሰሙም?"

"ሰምቻለሁ። እኔ አንድ ይበቃኛል፤ ከተሰበረም እወድቃለሁ።"

ልጁ የባሏን እግር ረገጠችው። ሰውየው ግን ደግ ሊሠራ ከቆረጠ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

ሾፌሩ ከረቡዕ እስከ ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ተነስቶ ግቢ ውስጥ የውሃ ጠርሙስ ደርድሮ ነዳ። "ሪሞት ይቀድማል፣ ሪሞት ይቀድማል" እያለ ያበራል። ረቡዕ አሥራ ሰባት ጠርሙስ ጣለ፣ ዓርብ ሦስት። ትከሻው እንደ ተደበደበ ሰው ያመው ነበር፣ ግን ለማንም አልተናገረም። ዓርብ ከሰዓት አማቹ "አቧራዋን ላራግፍላት" ብሎ መኪናዋን ወሰደ። ሾፌሩም መረቀው።

ቅዳሜ ክበቡ በሚሽቀዳደምበት የአሮጌ መጋዘን ግቢ ከጣውላ በተሠራው የነጂዎች መቆሚያ ላይ ወጣ። ፊሽካ ተነፋ። ሁለተኛው ኩርባ አቧራማ ነው፤ እዚያ የመኪና ሁሉ ጅራት ይከዳል። ሾፌሩ ሊመልሳት መሪውን ሊያዞር ሲል እሷ ቀድማው ተቃናች። ዕድል ነው ብሎ አለፈ። በሁለተኛው ዙር እዚያው ኩርባ ላይ ሆን ብሎ አበላሸና ጠመዘዛት። አሁንም ተቃናች። ከጎኑ ሌላ ሰው መሪውን የያዘ መሰለው፤ ደሙ ፈላ። ቀና ብሎ አጥሩ ሥር የቆመውን አማቹን አየው። አማቹ ጫማውን ይመለከታል።

ዝም ቢል ያልፍ ነበር። ስድስት ዙር ብቻ ቀርቶታል፣ መኪናዋም እንደ በግ ትሄድለታለች። ሾፌሩ ግን ወደ ዳር አውጥቶ አቆማት።

"ና!" ብሎ ጮኸ። "የከተትክባትን አውጣ!"

"አባባ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው!"

"ይሂድ። አውጣ ብዬሃለሁ!"

አማቹ እየሮጠ መጥቶ ተንበረከከ፣ ክዳኗን አነሳ። ሽቦው እንቢ አለው። ዕቃዋ ወጥታ መኪናዋ መንገድ ላይ እስክትመለስ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ አለፈ።

ከዚያ በኋላ የነዳው ሾፌሩ ነው። አቧራው ላይ ጅራቷ በከዳች ቁጥር ቀኝ እጁ መለሳት፤ አንዴ ለጥቂት፣ አንዴ ከአጥሩ አንድ ስንዝር ሲቀራት። አመልካች ጣቱ ተቃጠለች፣ ግን አልተወችውም። ደስ አለው፤ ከስትሮኩ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ስምንተኛውን ዙር ጀምሮ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ሲደርስ ፊሽካው ተነፋ።

ሊቀ መንበሩ ወረቀቱን ይዞ ትንሽ እያነከሰ መጣ። "ጋሼ፣ ማንንም አልነኩም። ግን ሰባት ነው።"

"ሰባት ነው፣ እኔም ቆጥሬአለሁ።"

"ዕቃዋ እኮ በደንባችን አልተከለከለችም። ባያስወጧት ኖሮ ያልፉ ነበር።"

"እሷ ታልፍ ነበር እንጂ እኔ አላልፍም ነበር" አለ ሾፌሩ። "የዘንድሮውን ሰርዘው። ለከርሞው ግን መዝገቡ ሲከፈት የእኔን ስም መጀመሪያ ጻፈው።"

ሊቀ መንበሩ ስክሪብቶውን አውጥቶ እየከበደው ሰረዘ። ሾፌሩ ከጣውላው ላይ በራሱ ወረደና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የሌሎቹን ዙር ከሰዓት በኋላ ድረስ አንድም ሳይዘል ቆጠረላቸው።

ሁሉም ሲበተን አማቹ መጥቶ ከፊቱ ቆመ፤ ዓይኑ ቀልቷል። "አባባ፣ ይማሩኝ። ያዋረድኩዎት እኔ ነኝ። እንዲያልፉልኝ ብዬ ነው።"

ሾፌሩ ተቆጥቶ ነበር፣ ቁጣው ግን ሰውየውን ሲያየው አልበረከተም።

"ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ግቢ ተገኝ" አለው።

"ልረዳዎት?"

"አዎ። ስሳሳት ተሳስተዋል በለኝ። መኪናዋን ግን እንዳትነካት።"