ምክትል ሚኒስትሩን የጠበቀ መድኃኒት

መድኃኒቱ ምክትል ሚኒስትሩን ሲጠብቅ አለቀለት።

በኦሩሮ ከተማ አዲስ በተተከለው ማሽን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የተሠራው፣ በሽተኛ ተወግቶት ዕጢን በምስል የሚያሳየው ጨረራማ ፈሳሽ በየሁለት ሰዓቱ ግማሽ ኃይሉ ይጠፋል። ኬሚስቷ ናይራ ቲኮና ይህን ለኃላፊዋ ለዶክተር ኡሪዮስቴ ሦስት ጊዜ ነገረቻቸው። ሦስት ጊዜም "አውቃለሁ ልጄ" አሏት። ማወቁንስ ያውቃሉ፤ የመመረቂያ ጽሑፋቸው በዚሁ ጉዳይ ላይ ነበር።

ግን ማሽኑ ሳይመረቅ የፈሳሹ ብልቃጥ ከግቢ አይወጣም አሉ። በኦሩሮ አዲስ ነገር፣ ሚኒባስም ይሁን ፍሪጅ፣ ቢራ ሳይረጭበት፣ እናት ምድርም ድርሻዋን ሳታገኝ ሥራ አይጀምርም። የሚረጩት ምክትል ሚኒስትሩ ናቸው። ምክትል ሚኒስትሩ ደግሞ አድማ የመቱ ሾፌሮች በዘጉት መንገድ ላይ ቆመዋል።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ናይራ መለኪያውን አየች። የቀረው ሩብ ያህል ነው። ሲጀመርም ለአንድ በሽተኛ ብቻ በልክ የተሠራ ስለነበር ሩቡ ለማንም አይበቃም። በሽተኛዋ፣ የደረቅ ድንች ነጋዴዋ ወይዘሮ ኤውሴቢያ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል ሳይቀምሱ ማዶ ሆስፒታል ተቀምጠዋል። ዕጢው መዛመት አለመዛመቱ ዛሬ ካልታየ፣ ቀዶ ሐኪሙ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተራቸውን ለሌላ ይሰጣል። ሌላ ተራ የሚገኘው ከሁለት ወር በኋላ ነው።

"እንደገና እንሥራ" አለች።

"በማን?" አሉ ዶክተሩ።

እውነታቸውን ነው። የማሽኑ ኦፕሬተር ፍሮይላን መጠበቅ ሰልችቶት ምርቃቱን ብቻውን ጀምሮታል። የምርቃቱን ባለቀለም ወረቀት ማሽኑም አንገቱም ላይ ጠምጥሞ፣ ማሽኑ ሥር ቆሞ፣ ለምድር ጠብ፣ ለራሱ ግጥም ያደርጋል።

"ነይ እህቴ፣ ቅመሺ! ምድር ብቻዋን መጠጣት አትወድም።"

"አንተ እያለህላት መቼ ብቻዋን ጠጥታ ታውቃለች?" ናይራ ወደ ዶክተሩ ዞረች። "የማንቀሳቀስ ፈቃድ እኔም አለኝ። እዚህ ቤት ያልጠጣሁትም እኔ ብቻ ነኝ።"

ዶክተር ኡሪዮስቴ አሁን ገና ደነገጡ። ማሽኑ ሥራ ከጀመረ በጨረሩ ምክንያት ክፍሉ ይዘጋል፤ ዝንብ አይገባም። "ታዲያ ክቡርነታቸው የት ቆመው ፎቶ ይነሡ?"

"በሩ ላይ። በሩም አዲስ ነው።"

"ቀልዱን ተዪው! ያችኑ የጠዋቷን ላኪ። የመላኪያ ወረቀቷ ላይ የሦስት ሰዓቱን መጠን ጻፊና ፈርሚ። ማን ያውቃል?"

"ዕጢው ያውቃል።"

ከግቢው በር ላይ ጥሩንባ ተነፋ። "መጡ! መጡ!" ዶክተሩ ከረባታቸውን እያቃኑ ብርጭቆውን ከፍሮይላን እጅ ነጥቀው ለናይራ ሰጧት። "ቢያንስ ይህን አትመልሺ። የምድርን ጽዋ መመለስ ነውር ነው።"

ናይራ ተቀበለች። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ወለሉ ላይ ደፋችው። "ይኸው፣ ሙሉ ድርሻዋን ትውሰድ።"

ባለቀለሙን ወረቀት ከማሽኑ ላይ ገፈፈች፤ ፍሮይላንን በእጅጌው ጎትታ አስወጣች፤ ዶክተሩም እንግዳቸውን ሊቀበሉ ተከተሉ። ደንቡ እንደሚያዝዘው ሰው እንዳይቀር ጥግ ጥጉን ፈትሻ ጨረሰች። ኮሪደሩ ላይ ምክትል ሚኒስትሩ ከነፎቶ አንሺያቸው ደርሰዋል።

"የታለ ማሽኑ?" አሉ በፈገግታ።

ናይራ በመጨረሻ ወጣችና፣ የክንድ ያህል ውፍረት ያለውን በር በትከሻዋ ገፍታ ዘጋችው።