ባልጩቱ የወጣለት ጠመንጃ

ማንጠግቦሽ ጠመንጃውን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ታቅፋው መጣች። ወገቧ ተቆርጧል። ደግሞስ ለምኑ? በአምበር ገበያ ጥጃ የሚነዳው ጎረምሳ ሳይቀር ክላሽ አንግቶ በሚውልበት ዘመን፣ ይህ በአፈሙዙ ባሩድ የሚጎርስ ሽማግሌ ብረት ዝንጀሮ እንኳ አያስደነግጥም። «ቆመህ ጠብቀኝ» ይሉታል፤ አንዴ ከተተኮሰ ወዲያ ዳግመኛ እስኪጎርስ ጠላት ደግ ሆኖ መቆም አለበትና።

ሽማግሌዎቹ ግን እሱን ካላመጣሽ እርቅ የለም ብለዋታል። በአገሩ ወግ ደም ሲደርቅ፣ መጀመሪያ ደም ያፈሰሰው መሣሪያ ራሱ አፈሙዙ ወደ መሬት ተደፍቶ ለሟች ወገን ይሰጣል፤ ሌላ አይተካውም። የማንጠግቦሽ አማት በድንበር ጠብ የአለበልን አባት የገደለው በዚህ ነበር። የአለበል ወንድም ደግሞ አማቷን ገደለ። ከዚያ ተራው የባሏ የድረስ ሆነ፤ ድረስ ሳይገድል በሕመም ሞተ። አሁን ተራው የአንድ ልጇ የይታያል ነው። ይታያል መግደልም መሞትም ስላልፈለገ በረሃ ወርዶ የሰው ሰሊጥ ያጭዳል፤ እርቅ ካልወረደ አይመለስም። እሷ ልጇን ከመሞቷ በፊት በደጇ ሲገባ ማየት ነው የምትፈልገው። ሌላው ሁሉ ሰልችቷታል።

እርቁን የያዙት መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ ነጠላውን ፈትተው ጠመንጃውን ለአለበል አሳዩት። አለበል ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ።

«ይኼ አይደለም።»

«እንዴት አይደለም?» አሉ መሪጌታ።

«አባቴ ሲወድቅ አጠገቡ ነበርሁ። የዚያኛው ባልጩት ድንጋይ ነው ብልጭ ያለው። ይኼ ባልጩት የት አለው? ይኼ ትንሽ የናስ ቆብ አጥልቀውበት፣ ምላጩ ሲሳብ የራሱ መዶሻ ቆቡን መትቶ እሳት የሚያወጣው ነው። ዋናውን ለልጇ ደብቃለታለች!»

የአለበል ልጆች አጉረመረሙ። አንዱ ለመሄድ ተነሣ። ማንጠግቦሽ ደሟ ፈላ፤ ድካሟ ግን ከቁጣዋ በለጠ። ተራመደችና የአለበልን ጣት ይዛ ብረቱ ላይ አሳረፈችው።

«ይዳብሱት፣ አያ አለበል። የድሮው ብሎን የገባበት ቀዳዳ ይኸውና፣ ተደፍኗል። ባሩድ የሚጨመርበት ጎድጓዳም እዚህ ነበር፣ ተሞርዷል። ስንት ዘመን ቅቤ የቀባሁት እኔ ነኝ፤ አይጠፋኝም። ያው ራሱ ነው፣ ተለውጦ ነው።»

አለበል ጣቱን አላነሣም። «ማን ለወጠው? ለምን?»

ዝገት በላው ብትል ማን ያውቅባታል? ግን መዋሸትም ጉልበት ይጠይቃል።

«ድረስ ነው ያስለወጠው፤ አንቱን ለመግደል» አለች። «የጥር ሥላሴ ዕለት ከወንዙ ማዶ አድፍጦ ጠበቀዎ። ሲደርሱ ዝናብ ወርዶ ባሩዱን አበላሸበት፤ ባልጩቱ እሳት አልሰጥ አለው። አመለጡት። ዝናብ የማይበግረው ይሁን ብሎ ደብረ ማርቆስ ወስዶ አስለወጠው። ከዚያ ደግሞ የናሱ ቆብ ከገበያ ጠፋ እያለ ሲያመካኝ ኖሮ ሞተ። ይኸው ነው።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ጨበጡ። አሁን ጠቡ ይታደሳል ብለው ነው።

አለበል ግን ግንባሩን ቋጥሮ ያስባል። «የጥር ሥላሴ?» አለ። «ልጄ ወለላ ታማብኝ ከጠበል በጀርባዬ አዝዬ የተመለስሁ ዕለት?»

«እሱን አላውቅም። ብቻዎን ነበሩ ነው ያለኝ።»

«ብቻዬን አልነበርሁም። ዝናብም አልነበረም።»

«ባሩዱን በእጄ ነክቸዋለሁ! ጭቃ ሆኖ ነበር።»

«ጤፌ አውድማ ላይ ተሰጥቶ ነበር፣ ማንጠግቦሽ። ልጄም ታማ፣ ዓይኔ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ነው የዋለ። አንዲት ጠብታ ጠብ ብላ ቢሆን ኖሮ እስከ መቃብሬ አልረሳትም። ባሩዱ ከረጠበም ወንዝ ዳር ውኃ መች ይጠፋል፤ ልጅ አዝዬ ሲያየኝ ራሱ ድረስ ነው ያራሰው።»

አለበል ጎንበስ አለ፤ ጠመንጃውን በገዛ እጁ አፈሙዙን ወደ መሬት ደፋው። ልጆቹ አንድ በአንድ ተቀመጡ። «ደሙ ደርቋል» አለ ለመሪጌታ። «ልጁ ይምጣ። እስከ መንገድ ወጥቼ የምቀበለው እኔ ነኝ።»

ሴቶቹ እልል አሉ። እሷ ግን መሬት ላይ ዘጭ አለች። ድረስን ስንት ዓመት ዕድለ ቢስ ስትለው ኖራለች። በአልጋ ላይ ተኝቶ እንኳ፣ አንተ ያልጨረስኸውን ልጄ ሊከፍልልህ ነው ብላዋለች። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ እንጂ አንዲት ቃል አልመለሰላትም። ይታያልንም ያንኑ እየነገረችው ነው ያሳደገችው።

አለበል እጁን ዘርግቶ ሊያነሣት ቢል እጁን ጨብጣ ያዘችው።

«ይታያል ሲመጣ» አለች እያለቀሰች፣ «አባቱ ዝናብ እንዳልመታው አንቱ ይንገሩት። እኔ በምን አፌ?»